ምርጫው እስኪያልፍ ለሚጠብቀው ወዳጄ

ውድ ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ዝምታው ግን መራራቅ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ያጠራቀምከውን ገንዘብ ወደ ውጭ ገበያ ለማስገባት አስበህ፣ ባሰብካቸው አገሮች «ምርጫው ይለፍና አሸናፊው ይታወቅ» እያልክ እንደምትጠብቅ ሰማሁ። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው። አሸናፊውን ማወቅ ብቻውን ብዙ አያድንህም። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።

የ2024ን ሁለት ምርጫዎች ተመልከት። ሜክሲኮ ጁን 2 ቀን ድምፅ ሰጠች። የገዢው ፓርቲ ዕጩ ክላውዲያ ሼንባውም እንደሚያሸንፉ ቀደም ብሎ ይነገር ነበር፤ አሸነፉም። በማግስቱ ግን የአገሪቱ አክሲዮን ገበያ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። በ17 ፔሶ አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ 18ን አለፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ20 በላይ ነበር። ገበያውን ያስደነገጠው የመቀመጫው ብዛት ነው። የገዢው ጥምረት በታችኛው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛውን ያዘ፣ በሴኔቱም ለዚያ የጎደለው ጥቂት ነበር። በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግሞ ሕገ መንግሥት ይሻሻላል። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ዳኞች በሕዝብ ድምፅ ይመረጡ የሚል ማሻሻያ ከወራት በፊት አቅርበው ስለነበር፣ ሴፕቴምበር ላይ ጸደቀ። ፋብሪካ ለተከለ የውጭ ባለሀብት ከመንግሥት ጋር ሲካሰስ የሚዳኘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከግብር ምጣኔ ያልተናነሰ ክብደት አለው።

ሕንድ ውስጥ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ከድምፅ መስጫ ጣቢያ በወጡ መራጮች ላይ የተሠራው ትንበያ ለጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ፓርቲ ሰፊ ድል ስለሰጠ፣ የአገሪቱ ዋና የአክሲዮን መለኪያ ኒፍቲ ጁን 3 ቀን ከ3 በመቶ በላይ ወጣ። በማግስቱ ድምፁ ሲቆጠር ፓርቲው ያገኘው 240 መቀመጫ ሆነ፤ ለብቻው አብላጫ ለመያዝ 272 ያስፈልገው ነበር። ገበያው በዚያ ቀን 6 በመቶ ገደማ ወረደ። አጋር ፓርቲዎቹ ከሞዲ ጋር መቆማቸው ሲረጋገጥ የጠፋው ሁሉ በዚያው ሳምንት ተመለሰ። ሜክሲኮ ላይ የተፈራው የመንግሥት ጉልበት መብዛቱ ነበር፣ ሕንድ ላይ ማነሱ። በትንበያ ጁን 3 ገዝቶ በድንጋጤ ጁን 4 የሸጠ ሰው አሸናፊውን በትክክል ገምቶም ከስሯል።

ስለዚህ አንድ አገር ከመምረጥህ በፊት ተራ ሕግ ለማውጣት ስንት መቀመጫ፣ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ስንት እንደሚያስፈልግና ጥምረቱ ስንት ሊይዝ እንደሚችል ጻፍ። ቀጥሎ አዲሱ ምክር ቤት የሚሰበሰብበትን፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ የሚሾምበትን፣ የመጀመሪያው በጀት የሚቀርብበትንና የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ዘመን የሚያበቃበትን ቀን መዝግብ። ዋጋ የሚለወጠው ከምርጫው ቀን ይልቅ በነዚህ ቀናት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡ የሚወጣበት በር ነው። አርጀንቲና ኦገስት 11 ቀን 2019 ገና የቅድመ ምርጫ ድምፅ ስትሰጥ፣ ባለሀብቶች የሚወዷቸው ፕሬዚዳንት ማክሪ በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። በማግስቱ የቦነስ አይረስ ዋና የአክሲዮን መለኪያ በፔሶ 38 በመቶ፣ በዶላር ሲሰላ 48 በመቶ ገደማ ወደቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ የዶላር ግዢ ላይ ገደብ የጣሉት እኚያው ማክሪ ናቸው። ካዝናው ሲራቆት ለገበያ ወዳጅ የሆነ መንግሥትም በሩን ይዘጋል። ገደቡ ለግለሰቦች በአብዛኛው የተነሳው አፕሪል 2025 ነው። እናም የመሪውን ንግግር ከማድመጥህ በፊት አገሪቱ ያላት የውጭ ምንዛሪ ክምችት የስንት ወር ገቢ ዕቃ እንደሚሸፍን እይ። ሦስት ወር የተለመደው ዝቅተኛ መለኪያ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ በቶሎ ማውጣት ለምትፈልገው ገንዘብ አይሆንም።

ሩሲያ ደግሞ የከፋውን አሳይታለች። ከ2022ቱ ወረራ በኋላ የሞስኮ አክሲዮን ገበያ ለሳምንታት ተዘጋ፣ የውጭ ሰዎች መሸጥ ተከለከሉ፣ የአክሲዮን መለኪያዎችን የሚያወጣው ድርጅት ኤምኤስሲአይ በማርች የሩሲያን አክሲዮኖች ከታዳጊ ገበያዎች መለኪያው ሲያስወጣ ዋጋቸውን ዜሮ ያህል አድርጎ ነው። ብዙ አገሮችን የያዘ ፈንድ የነበረው ሰው ጥቂት በመቶ አጣ፤ የሩሲያን ብቻ የያዘው ግን ሁሉንም። ለአንድ አገር ከጠቅላላው 5 በመቶ በላይ አትስጥ የምልህ ለዚህ ነው።

ምንዛሪውንም አስላ። አክሲዮንህ በአገሩ ገንዘብ 10 በመቶ ቢያድግና ገንዘቡ በዶላር 15 በመቶ ቢወርድ፣ 100 ዶላርህ 93.50 ሆኖ ይመለሳል። በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ዋጋ 570,000 ብር 10,000 ዶላር ነው። ዶላሩ 114 ብር ሲገባ ያው ብር 5,000 ዶላር ብቻ ሆነ።

አገር ቤት ለመሥራት ካሰብክም የሚመለከትህ የአዲስ አበባ ፖለቲካ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገቡበት ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ተጣለበት፤ በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ እስከ 32 በመቶ ይደርስ ነበር። የልብስ ስፌት ትርፍ ይህን አይሸከምም። የሐዋሳ ሠራተኞች እንጀራ ዋሽንግተን በተፈረመ ወረቀት መቋረጡ ዛሬም ያንገበግበኛል። ገበያህ በአንድ የውጭ መንግሥት ፈቃድ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ቀረጡ ተጨምሮም የሚያዋጣ መሆኑን መጀመሪያ አስላ።

ሌላም አለ። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል፤ ብዙ ዘርፍ ይከፈትለታል። ትርፍና ካፒታልን በውጭ ምንዛሪ የማስወጣት መብት ግን በኢንቨስትመንት አዋጁ ለውጭ ባለሀብት የተሰጠ ነው። ስለዚህ በየትኛው እንደምትመዘገብ ከመፈረምህ በፊት ወስን፤ ያስገባኸው ዶላር መመዝገቡን የሚያሳየውን ማስረጃም ዋናውን ይዘህ አስቀምጥ። ያ ወረቀት ከሌለ ኋላ ላይ መከራከሪያ አይኖርህም።

እኔ ብሆን ገንዘቡን ከሦስት እከፍለዋለሁ። አንዱን ከምርጫው በፊት አስገባለሁ፣ ሁለተኛውን መቀመጫው ተቆጥሮ ሲያልቅ፣ ሦስተኛውን የመጀመሪያው በጀት ከጸደቀ በኋላ። ለልጆቹ ትምህርትና ለቤት ኪራይ የምትፈልገውን ግን ከዚህ ውስጥ አታግባው።

ያሰብካቸውን አገሮች ስም ላክልኝ፤ የመቀመጫውን ቁጥርና የክምችታቸውን መጠን አብረን እናያለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደውል፣ ቤት ነኝ። ቤተሰቡን በሙሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ