ላ ስካላ በአማርኛ እንዲተረክ መዋጮ እንጠይቃለን

ወገኖቻችን፣ ሚላን የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነን። የላ ስካላን ኦፔራ ቤት ታሪክ በአማርኛ በድምፅ እየቀዳን ነው። የ«አይዳ»ን ግጥምም ከጣሊያንኛ እየተረጎምን ነው። ሥራው ከግማሽ አልፏል። የያዝነው ገንዘብ ግን አልቋል።

ሁሉም የተጀመረው ከአይዳ ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቨርዲ በደረሰው በዚህ ኦፔራ ውስጥ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ተማርካ፣ ማንነቷን ደብቃ፣ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች። የምትወደው ራዳሜስ የአባቷን ጦር ሊወጋ የሚዘምት አዛዥ ነው። ኦፔራው መጀመሪያ የታየው ካይሮ ነው፣ ታኅሣሥ 1871 (ቀኖቹም ዘመኖቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቨርዲ ካይሮ አልሄደም። በ1872 ላ ስካላ ላይ ሲታይ ግን ዝግጅቱን የመራው ራሱ ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ከ150 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ስም ሲዘፈን ኖሯል። ምን እንደሚል እናቶቻችን በራሳቸው ቋንቋ ሊሰሙት ይገባል።

ቤቱ ራሱ በመዋጮ የተሠራ ነው። ሚላን በኦስትሪያ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ በ1776 የካርኒቫል ሰሞን፣ የቀድሞው ቲያትር ሌሊት ተቃጠለ። በዚያ ቲያትር ውስጥ ፓልኮ የነበራቸው ቤተሰቦች ተሰብስበው ሌላ እንዲሠራ ለገዢው አመለከቱ። ፓልኮ የሚባለው አዳራሹን ከቦ በየፎቁ የተደረደረው ትንሽ የግል ክፍል ነው። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ፈቀደች፣ ወጪውን ባለፓልኮዎቹ ቻሉ። ፒየርማሪኒ የተባለው አርክቴክት ሠርቶት ነሐሴ 3 ቀን 1778 በሳሊየሪ ኦፔራ ተከፈተ። የከፈሉት ሰዎች ፓልኳቸውን እንደ ሳሎናቸው ነበር የሚያዩት። እዚያው ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ወሬ ያወራሉ፤ ደስ የሚል ዜማ ሲመጣ ደግሞ ዞር ብለው ያዳምጣሉ። ምድር ቤት ያለው ሕዝብ ቆሞ ነበር የሚያየው። ይህን ክፍል ስንቀዳ በጣም ነው ደስ ያለን።

አንዳንድ ወገኖቻችን «ከጣሊያን ቲያትር ጋር ምን አገናኘን?» ይሉናል። ከደረሰብን ግፍ አንጻር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ቶስካኒኒ ነው። የላ ስካላን ኦርኬስትራ ለዓመታት የመራው ይህ ሰው የፋሺስቶችን መዝሙር አላስመታም አለ። በዚህም በ1931 ቦሎኛ ላይ ተደበደበ። ሙሶሎኒ አገራችንን ከመውረሩ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከዚያ በጣሊያን ምድር ኦርኬስትራ አልመራም ብሎ ቆየ። ላ ስካላ በነሐሴ 1943 በቦምብ ተመታ፣ ጣሪያው ወረደ። ከተማው ፍርስራሽ ሆኖ ሳለ ቤቱ ቶሎ ታደሰ። ግንቦት 11 ቀን 1946 ሲከፈት ኦርኬስትራውን የመራው ከአሜሪካ የተመለሰው ቶስካኒኒ ነው። ይህን ታሪክ ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለናል።

ገንዘቡ ለምን ይውላል? የግጥሙ ደራሲ ጊስላንዞኒ በ1893 ስለሞተ ለትርጉሙ የመብት ክፍያ የለብንም። የተቀዱ ሙዚቃዎች ግን ባለቤት አላቸው። ስለዚህ አጫጭር ዜማዎችን በአዲስ የሚቀዱልን አንድ ፒያኖ ተጫዋችና አንዲት ዘፋኝ እንከፍላለን። የስቱዲዮ ኪራይና የድምፅ አርትዖትም አለ። ትርጉሙን የሚያርም ሰው ድካምም መከፈል አለበት። ሲያልቅ ለሁሉም በነፃ ይለቀቃል።

10 ዩሮም ሆነ 20 ዩሮ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ በብር፣ የቻላችሁትን አዋጡ። ጥሪውን ያደረሰላችሁን ሰው ብትጠይቁ እንዴት እንደሚላክ ይነግራችኋል። የገባውንና የወጣውን ሂሳብ ለሰጠ ሁሉ በየወሩ እንልካለን። ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ በድምፃችሁ አግዙን። ለአይዳ አባት፣ ለንጉሥ አሞናስሮ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው አንባቢ እስካሁን አላገኘንም።