ለተዘጋ ፋብሪካ መልቀቂያ ማን ይጻፍ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን «ሥራ አለ፣ ሠራተኛ ነው የጠፋው» ሲባል እሰማለሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሥራ መኖሩን አልክድም። ተዘግተው የከረሙ የልብስ ፋብሪካ ሼዶች እየተከፈቱ ነው። የቅጥር ማስታወቂያም ይለጠፋል። ሠራተኛው ግን አልጠፋም። ልብስ መስፋት የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ሞልቷል። መልቀቂያ፣ ማለትም ከቀድሞ አሠሪው የተሰጠ የሥራ ልምድ ወረቀት፣ ስለሌለው ግን ከቅጥር ክፍሉ በር ይመለሳል።

ጉዳዩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። እኔ ትንሽ ቆይቼ ከወላይታ መጣሁ። ያኔ ምልመላው በወረዳ በኩል ነበር። ከተመዘገብን በኋላ የጣት ቅልጥፍና ፈተና ነበር፤ ትንንሽ ነገር ቶሎ ቶሎ ታነሺያለሽ፣ ቦታው ታስቀምጫለሽ፣ ሰዓት ይያዝብሻል። የጨርቅ ጠርዝ በሚዘመዝመው ማሽን፣ ኦቨርሎክ ላይ ጀመርኩ፤ ኋላ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ደመወዙ ኪራይ ተከፍሎበት ወር አያደርስም ነበር። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልተቆረጠ ጠያቂም የለም። ይህን ከጀመርኩ ግን ደብዳቤው አያልቅም፣ ልተወው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። እስከዚያ ከቀረጥ ነፃ ይገባ የነበረ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ይከፈልበት ጀመር። የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ ደግሞ እስከ 32 በመቶ። ገዢዎች በሳንቲም የሚከራከሩበት ገበያ ነው፤ ይህን ማን ይሸከማል? ትልቁ ስም፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች አስቀድሞ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። እኔ የነበርኩበት ሌላ ነው፤ ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ ኦቨርታይም ቀረ። ከዚያ የስፌት መስመሮቹ (ላይኖች) ተጣጠፉ። ቀጥሎ «ትዕዛዝ እስኪመጣ ቤታችሁ ቆዩ» ተባልን። ትዕዛዙ አልመጣም፣ ድርጅቱም ወጣ። ሒሳባችን ተሠራ፣ ፈረምን፣ ተሸኘን። የመጨረሻው ቡድን የሥራ ልምድ ይሰጣችኋል ተብሎ ሲጠብቅ የሰው ኃይል ክፍሉ ራሱ ተበተነ። ማኅተሙ ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ የደረሱበት ብዙ ነው። አንዷ አረብ አገር ናት። አንዷ መናኸሪያ አካባቢ ቡና ታፈላለች። አንዷ ወደ ቤተሰቦቿ ተመልሳ አግብታለች። ሥራ ሲከፈት ግን ተደዋውለን ሄድን፤ አዲሱ ድርጅት የገባው እኛው በሠራንበት ሼድ ነው። ማሽኑን ከነጠባዩ እናውቀዋለን። ቅጥር ክፍሉ ውስጥ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «እህቴ፣ ያለ መልቀቂያ ፋይል አልከፍትም» አለችኝ። ፋብሪካው እኮ የለም ስላት «እሱማ ገብቶኛል» አለች፣ ግን ፋይሉ አልተከፈተም።

ያለ መልቀቂያ የሚገባበት አንድ መንገድ አለ። ልምድ የለኝም ብሎ በጀማሪ መግባት። ብዙዎቹ ያንን መርጠዋል። ዓመታት ሱፐርቫይዘር የነበረች ልጅ ዛሬ በጀማሪ ኦፕሬተር ደመወዝ፣ እዚያው መስኮት ሥር ትሰፋለች። ድርጅቱ አዲስ ስለሆነ የሙከራ ጊዜም አለባት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ሱፐርቫይዘሯ ደግሞ ድሮ እሷ ያሠለጠነቻት ናት አሉ። ድርጅቱ ባለሙያ በጀማሪ ዋጋ አገኘ። ታዲያ «ሠራተኛ ጠፋ» የሚለው ቅሬታ ለማን ነው?

አሠሪዎች መልቀቂያ የሚጠይቁበት ምክንያት እንዳላቸው አውቃለሁ። በፓርኩ መጀመሪያ ዓመታት ሠራተኛው ለትንሽ ጭማሪ ብሎ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይዘል ነበር። አሠልጥነው የሚያጡ ሰዎች ወረቀት ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ያ ግን ድርጅቱ ቆሞ ሳለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ ግዴታውን የጣለው አሠሪው ላይ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ዕዳው የሠራተኛው ሆኖ አረፈ።

እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከደመወዛችን በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ ነበር፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምር ነበር። ያ ገንዘብ የገባው በስማችን፣ ከደመወዛችን መጠን ጋር ነው። ስለዚህ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራን፣ ስንት ይከፈለን እንደነበር የመንግሥት መዝገብ ላይ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይህን በአንድ ገጽ አትሞ፣ ማኅተም መትቶ ይስጠን። የከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮም «አሠሪው ስለሌለ ይህ እንደ መልቀቂያ ይቆጠር» ብሎ ለፋብሪካዎቹ ይጻፍልን። መዝገቡ የማይነግራቸው የሥራውን ዓይነት ብቻ ነው። እሱን ማሽን ላይ አስቀምጠው ይዩን። ኮሌታ መግጠም የምታውቅና የማታውቅ ለመለየት አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የቀድሞ የጥራት ተቆጣጣሪ
ከሐዋሳ