ለአማርኛ ተማሪዎች ለሚዘጋጀው የዓረፍተ ነገርና የድምፅ ስብስብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በስድስት ኪሎ አካባቢ ለምትኖሩ፣ ለምትማሩና ለምትሠሩ ወገኖች በሙሉ፦

ከልዩ ልዩ ክልሎች ለትምህርትና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መጥተው አማርኛን ገና የሚማሩ ወጣቶችም ሆኑ በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆች የዕለት ተዕለቱን አነጋገር የሚለማመዱበት የድምፅ ቅጂ በቀላሉ አያገኙም። ስለዚህ በገበያ፣ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በታክሲ ውስጥ ሰው በእርግጥ የሚናገራቸውን ዓረፍተ ነገሮች እያዋጣን የጋራ መማሪያ በማዘጋጀት ላይ እንገኛለን። መንገዱ በሌሎች ቋንቋዎች የተሞከረ ነው። ታቶኤባ የተሰኘው የዓረፍተ ነገር ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ በፈቃደኞች መዋጮ አድጓል፤ የፋየርፎክስ ማሰሻ ባለቤት ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ኮመን ቮይስ በተባለው የድምፅ ስብስብም ሰዎች ድምፃቸውን ይለግሳሉ፣ የሌላውንም ቅጂ አድምጠው ያረጋግጣሉ።

ዓረፍተ ነገሩ በነጻ ይገኛል፤ ወጪ የሚጠይቀው ማረሙና በጥራት መቅዳቱ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ ጽሑፍ ብቻውን ለጀማሪ አይበቃውም። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲል «ለ» ይጠብቃል፤ ተማሪው አላልቶ ካነበበው ግን ወራጁ አንድ ነገር የተናገረ ይመስላል። በመሆኑም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሴትም በወንድም ድምፅ እንዲቀዳ፣ ከዚያም ቋንቋውን ያስተማሩ ሰዎች አድምጠው እንዲያጸድቁት ወስነናል። ለእነዚህ አራሚዎች አበል መክፈል ግድ ነው፤ ለወራት የሚዘልቅ እርማት በበጎ ፈቃድ ብቻ አይገፋም።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚሁ አበል፣ ለማይክሮፎንና ለሃርድ ዲስክ፣ ስልክ ለሌላቸው ተማሪዎች ለሚታተሙ መልመጃዎች፣ እንዲሁም ቀድሞ ፒያሳ ኖረው አሁን ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱ አረጋውያን ለቀረጻ ሲመጡ ለትራንስፖርት ይውላል። የእነዚህ እናቶችና አባቶች አነጋገር ከስብስቡ እንዲቀር በፍጹም አንፈልግም። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ደረሰኝ ይሰጣል፤ የወጪው ዝርዝርም በየሦስት ወሩ ይቀርባል። የተጠናቀቀውን ሥራ ማንም በነጻ እንዲያባዛውና እንዲያሻሽለው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ እንለቀዋለን።

አቅማችሁ የፈቀደውን ያህል እንድትረዱን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከመንገድ ድምፅ የራቀ ክፍል ለጥቂት ሰዓታት ማዋስ የሚችል ሰው ከገንዘብ የማያንስ ድጋፍ እንዳደረገልን እንቆጥረዋለን። መዋጮውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀረጻው ቦታ ለገንዘብ ያዣችን በአካል ማስረከብ ይቻላል።