ማማቸውን ነቅለው አባቴን ለተሸከሙልኝ

ይህ ምስጋና ከገና በኋላ በነበረው ቅዳሜ አባቴን ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር እስከ መኪና መንገዱ በትከሻቸው ላደረሱ ስድስት ገበሬዎች፣ ስኳር ቋጥራ ለሮጠች እናትና ለልጇ፣ ለአስጎብኚያችንና አብረውን ለወጡት ሁሉ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስሟን እንዳላነሳ ለለመነችኝ አንዲት ተማሪ ነው። አባታችን ደህና ነው። ጉልበቱ ገና አልሻረም እንጂ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ዜና ይሰማል። በስልክም በአካልም ለጠየቃችሁን ዘመድ ወዳጆች እግዚአብሔር ይስጥልን። ያን ሰሞን "ምን አግኝቶት ነው?" ስትሉን እንባዬ እየቀደመኝ በወጉ አልመለስኩላችሁም። አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባባ ጉልበቱን የጨረሰው እዚሁ አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ልጆች ሳለን ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "መጡ" ይለን ነበር፤ "መለከታቸውን እየነፉ መጡ።" የሐይቁን ወፎች ማለቱ ነው፤ እኛ ግን አንድም ቀን ወጥተን አላየናቸውም። እናታችን ካረፈች ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ እሱም ማንሳቱን ተወው። አንድ የዚያው አካባቢ ልጅ ሰው ሰብስቦ ወፎቹን በማለዳ እንደሚያሳይ ስሰማ ታዲያ አባባን ሳልጠይቅ የሁለታችንንም ስም አስመዘገብኩ። ስነግረው ብዙ ዝም አለና "ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" አለኝ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ተነሳን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ነበርን።

አባ ሳሙኤልን ብዙዎቻችን የምናውቀው በክፉው ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እድፍ ሁሉ ተሸክመው የሚገናኙት እዚያ ነው። እምቦጩም ውሃውን ወርሶታል። በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ መሆኑን እንኳ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለአእዋፍ እጅግ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው 69 ቦታዎች አንዱ ይህ ረግረግ ነው። ለምን እንደሆነ በዓይኔ አየሁት። ክረምት የሞላው ውሃ በበጋ ሲሸሽ ዳር ዳሩ ለቁርጭምጭሚት የሚሆን ብቻ ይቀራል፤ መሃል መሃሉ ላይ እንደ ትንንሽ ደሴት ብቅ ያሉ ጉብታዎች አሉ። ወፎቹ የሚያድሩት እዚያው፣ ውሃው ውስጥ ቆመው ነው። ጅብ ቢመጣ ሳያንቦጫርቅ አይደርስባቸውም። አስጎብኚያችን ሰው የሚችለውን ጭቃ ስለሚያውቅ በአንድ መስመር አሰልፎ ከዳርኞቹ ጉብታዎች አንዱ ላይ አወጣን። በጨለማው ውስጥ አባባን ክንዱን ይዞ ያሻገረው እሱ ነው።

እኛ ሰፈር እግሩ የረዘመ ሁሉ ሽመላ ነው። አስጎብኚው ለያየልን፤ አባባ ዕድሜ ልኩን ሲሰማቸው የኖረው ክሬን የሚባሉትን ነው። ግራጫ ናቸው፤ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ፣ አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። የሚፈለፍሉት ሩሲያ ውስጥ ነው። አገሩ በረዶ ሊሆን ሲል ያን ሁሉ ምድር አቋርጠው ይመጡና በጋውን እኛ ዘንድ ያሳልፋሉ። ድምፃቸው ያን ያህል ርቆ የሚሰማው የመተንፈሻ ቧንቧቸው እጅግ ረጅም ስለሆነና ደረት አጥንታቸው ውስጥ ተጠምዝዞ ስለሚገባ ነው ሲል፣ አባባ ወደ እኔ ዞሮ "መለከት ብዬሽ አልነበር?" አለኝ። ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ፈገግታ ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ፀሐይዋ ፈንጠቅ ስትል ተነሱ። መጀመሪያ በሦስት በአራት፣ ቀጥሎ በመቶዎች። አየሩ ሁሉ ድምፅ ሆነ። አስጎብኚው ቴሌስኮፑን በአባባ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጎ፣ ገና ያልተነሳ አንድ ቤተሰብ አሳየው፤ አባት፣ እናት፣ በመሃላቸው የዓመቱ ጫጩት። ጫጩቱ ቁመቱ ከወላጆቹ አያንስም፣ አናቱ ግን ገና ቡናማ ነው፤ ቀዩ አልወጣለትም። የመጀመሪያውን ጉዞ ከወላጆቹ ጋር ይመጣል፤ በጋውንም ከእነሱ ሳይለይ ይውላል። ከወላጆቹ መለከት መሃል የሱ ቀጭን ሲርታ ለብቻው ይሰማል። አባባ ዓይኑን ከመስተዋቱ ላይ ማንሳት አቃተው። ሁላችሁም ተራችሁን እየተዋችሁለት ቆማችሁ። ይህን አልረሳላችሁም።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ጥፋቱ የኛ ነው። አባባ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ተወግቶ ካልበላ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ተወግቶ፣ መኪና ውስጥ እንዲበላ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥሬለት ነበር። "ስንደርስ እበላለሁ" አለ። ስንደርስ "ይነሱና"፤ ሲነሱ "ይቺን ልይና" እያለ ሦስት ሰዓት ሆነ። አስጎብኚያችን በዋዜማው ለእያንዳንዳችን ደውሎ "ሕመም ወይም የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ንገሩኝ" ብሎን ነበር። አባባ እንዳያስቀሩት ፈርቶ "ምንም የለብኝም" አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ዝም አልኩ። አስጎብኚያችን ወንድሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ከጉብታው ተመልሰን የሽምብራ ማሳ ዳር ስንደርስ አባባ በእናቴ ስም ጠራኝ። ዞሬ ሳየው ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ሌሎቻችን ብርዱ አንዘፍዝፎን ጋቢና ጃኬት ደራርበናል። እጁን ስይዘው በረዶ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። "ተይኝ!" ብሎ ገፈተረኝ። አባቴ በሕይወቱ ገፍትሮኝ አያውቅም። ሁለት እርምጃ እንደሄደ እግሩ የተሰነጠቀው መረሬ ውስጥ ገባና በጉልበቱ ወደቀ።

ስጮህ ያቺ ስሟን የማላነሳት ተማሪ ከኋላ ሮጣ ደርሳ ተንበረከከች። "ስኳር አለባቸው?" ብላ እስክመልስላት እንኳ አልጠበቀችም፤ መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጣቱን ወግታ ነበር። የደሙ ስኳር 38 አለ። ከ70 መውረዱ ብቻ ያሰጋል። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን እንደምትወጋ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ለራሷ መጠባበቂያ የያዘቻትን አንዲት ትንሽ ጁስ ከፍታ በጉንጭ በጉንጭ አጠጣችው። "ነፍስ ያውቃሉ፣ መዋጥ ይችላሉ፤ ስለዚህ በአፋቸው እንሰጣለን። ራሳቸውን ቢስቱ ግን ምንም አፋቸው ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ያንቃቸዋል" እያለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳን ነበር። ከእኛ ሁሉ ታናሽ እሷ ናት። ዓይኗን ሰዓቷ ላይ አድርጋ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቃ ደገመች። 54። ጁሱ አልቋል፤ ዳቦውን ማኘክ አልቻለም፤ ሻያችንም ለስላሳውም ያለው ሩቅ ከቆመው መኪና ውስጥ ነው። እርዳታ ፍለጋ የደወልንበት መስመር ደግሞ ጠርቶ ጠርቶ ሳይነሳ ቀረ።

ማሳው መሃል ማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ነበር፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። "ስኳር! ስኳር!" ስንል ሰምቶ ዘሎ ወረደና ወደ ቤታቸው በረረ። ሲመለስ እናቱ ከፊቱ ነበረች። ስኳሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ውሃውን በጆግ ይዛ፣ በባዶ እግሯ። የአባቴን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ "አይዞዎት አባቴ፣ አይዞዎት" እያለች እንደ ሕፃን አጠጣችው። ሦስተኛው ልኬት 91 አለ። አባባ ቀና ብሎ አየኝና በስሜ ጠራኝ።

መቆም ግን አልቻለም፤ ጉልበቱ አብጧል። ከየማሳው የተሰበሰቡት ሰዎች በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ አንድ ጎልማሳ ወደ ማማው ሄዶ እንጨቱን ይነቅል ጀመር። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሁለቱን ረጃጅም አጣናዎች አወጡ፣ የማማውን ገመድ ፈቱ፣ አንደኛው ጋቢውን አውልቆ ሰጠ፤ ቃሬዛ ሆነ። አራቱ ከስር ገቡ፣ ሁለቱ ለቅያሪ ተከተሉ።

እዚያ አገር ማማ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሽምብራው በጥር ሊደርስ ሲል ክሬኖቹ በመንጋ ይወርዱበታል። የቤተሰቡ ዓመት ያለው እዚያ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት አንድ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ ያባርራቸዋል። እኛ ገንዘብ ከፍለን ለማየት የመጣናቸውን ወፎች እነዚያ ሰዎች የሚያውቋቸው እንዲህ ነው። ያን ማማ ነው ለአባቴ የነቀሉት።

መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። መሬቱ እግር በሚውጥ ስንጥቅ የተሞላ ነው። ፊት ያሉት ስንጥቅ በደረሱ ቁጥር ድምፅ ያሰማሉ፣ ኋላ ያሉት እርምጃቸውን ያሰፋሉ፤ ትከሻ ሲቀያየሩ እንኳ ቃሬዛው አንድ ጊዜ መሬት አልነካም። እኔ የአባባን እጅ ይዤ ከጎን እሄዳለሁ። እኩሌታ ላይ ስንደርስ ከኋላችን መለከቱ ተሰማ። ዞር ስል ክሬኖቹ እየተሽከረከሩ ማሳው ላይ ሲወርዱ አየሁ፤ ትንሹ ልጅ ወንጭፉን እያሽከረከረ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፣ ከአንዱ ጥግ ሲያባርራቸው በሌላው ይወርዳሉ። የማሳው ባለቤትም ዞሮ አየ። ከዚያ አጣናውን ትከሻው ላይ አመቻችቶ መንገዱን ቀጠለ። አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔም ያን ጊዜ የምለው አጣሁ፤ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለዚያች ቅጽበት ነው።

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰጠው፣ ጉልበቱ በፋሻ ታሰረ፣ ማታ ቤታችን ገባን። ተቀብላችሁ ላስተናገዳችሁን ነርሶችም እጃችሁ ይባረክ።

በሳምንቱ ከወንድሞቼ ጋር ተመለስን። ጋቢውን አጥበን፣ አዲስ አጣናና ገመድ ጭነን ሄድን። ለተበላው ሽምብራ ገንዘብ ብናወጣ ባለቤቱ እጁን ወደ ኋላ አደረገ፤ "በታመመ ሰው ዋጋ አይያዝም" አለን። ማማውን አብረን አቆምን፤ ይህን ብቻ ፈቀዱልን። ልጁ ከላይ ሆኖ አባባ ድኖ እንደሆነ ጠየቀኝ። የማሳው አንድ ጎን ተበልቶ ባዶውን ቀርቷል፤ አፈሩ ላይ ባለሦስት ጣት ዱካ ሞልቶበታል፣ አንዱ ዱካ ከመዳፌ ይበልጣል። ከዚያው ከተረፈው ላይ አንድ እቅፍ እሸት ነቅለው አስያዙን።

ስለዚህ ጉዳይ አስጎብኚያችንን አነጋግሬዋለሁ። ወፎቹን ለማየት የምንመጣ ሰዎች የምንከፍለው ለመኪናና ለመሪ ነው፤ ወፎቹን የሚቀልቡት ግን ገበሬዎቹ ናቸው። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ተጓዥ ላይ ጥቂት ተነስቶ ወፎቹ ለሚወርዱበት ማሳ ባለቤቶች እንዲደርስ ተስማምተናል፤ የኛ ቤተሰብ ድርሻውን ሰጥቷል። አብራችሁን የነበራችሁም እንደማትለዩን አምናለሁ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወላጅ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ ሳይበላ ከቤት አታስወጡት፤ ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪሱ አይጥፋ፤ አብሮት ለሚሄድም ሰው ንገሩ። እኔ ባለመናገሬ አባቴን ልቀብር ነበር።

ለተሸከማችሁልኝ ስድስት ወንድሞቼ፣ ገለቶማ። ማሳችሁን ይባርክላችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። በባዶ እግርሽ የሮጥሽው እናቴ፣ ልጅሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ። አስጎብኚያችን፣ ከሥራህ በላይ አድርገህልናል፤ ክፉ አይንካህ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ለራስሽ የያዝሽውን ሳታመነቺ የሰጠሽ፣ ያሳደጉሽ ወላጆች ይባረኩ። ስምሽን አልጠራሁም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። አባባ ግን ያንኑ ዓይነት ጁስ አንድ ካርቶን አስገዝቶ አልጋው ስር አስቀምጦልሻል፤ ማንንም አያስነካም። ክሬኖቹ በየካቲት መጨረሻ መሄድ ሳይጀምሩ ጉልበቱ ከጠናለት ተመልሶ ሊያያቸው ይፈልጋል፤ ቁርሱን በልቶ፣ አንቺ ካለሽበት ብቻ ነው የምፈቅድለት። ጁስሽን መጥተሽ ውሰጂና ቀኑን ንገሪን።

ልጁ፣ ከነመላው ቤተሰብ
አቃቂ