ስለ ቬፕ የሚነገረው ሐሰትም፣ የሚጋነነውም ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ቬፕ ስለሚባለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚናፈሰው ወሬ ከወጣት ደንበኞቼ አንደበት ሳይቀር እየተሰማ በመሆኑ፣ ይህን ማረሚያ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የተሰራጨው «ቬፕ ጣዕም ያለው የውኃ እንፋሎት ነው» የሚለው ነው። ፈሳሹ ግን በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ሲሆን፣ በባትሪ የጋለው ሽቦ ሲያተነው እንደ ፎርማልዲሃይድ ያሉ ጎጂ ነገሮች ሊፈጠሩ፣ ከብረቱም ኒኬልና እርሳስ በጥቂቱ ተቀላቅለው ወደ ሳንባ ሊገቡ ይችላሉ። አንድ ተማሪ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ መጥቶ «ብርዱ ነው ጋሼ» አለኝ፤ በእኛ ከተማ ይህን የማያምን የለም። ደጋግሜ ስጠይቀው ግን ከጃኬቱ ኪስ ፍላሽ የሚመስል፣ ማንጎ ማንጎ የሚሸት ዕቃ አወጣ፤ ኒኮቲን እንዳለው አያውቅም ነበር። የአንጎል እድገት እስከ 25 ዓመት ገደማ ስለሚቀጥል፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በኒኮቲን ሱስ በቀላሉ ይያዛል።

በአንጻሩ ለማስፈራራት የሚሠሩት ቪዲዮዎችም ከእውነት ይርቃሉ። «የፈንዲሻ ሳንባ» የሚሉት፣ የሳንባን ትናንሽ የአየር መተላለፊያዎች የሚያጠብ በሽታ የታወቀው ዳያሲቲል የተባለውን ማጣፈጫ ይተነፍሱ በነበሩ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ነው፤ በቬፕ ምክንያት መምጣቱ የተረጋገጠ ታማሚ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተነሣውና እስከ የካቲት 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) 68 ሰዎችን የገደለው የሳንባ ጉዳትም በዋናነት የተያያዘው የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ከተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው። ቬፕ ትንባሆ ስለማያቃጥል ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ አያወጣም፤ ሲጋራውን ጨርሶ በእርሱ የተካ አጫሽ ወደ ሰውነቱ የሚገባው መርዝ ይቀንስለታል፤ ይህ ግን ጭራሽ አጭሶ ለማያውቅ ልጅ ፈቃድ አይሆንም። በቅን ልቦና የሚያጋንኑትን ወገኖች የምወቅሰው፣ አንዷን ውሸት የደረሰባት ወጣት ስለ ኒኮቲን የሚነገረውን እውነትም አብሮ ስለሚጥል ነው።

«ሕጋዊ ነው፣ ያላችሁበት እናደርሳለን» የሚሉ ሻጮችም አሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትም፣ ማከፋፈልም፣ መሸጥም ከልክሏል፤ ጋዜጣችሁ ይህን ድንጋጌ በጤና ዓምዱ ቃል በቃል ቢያወጣልን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ