የተበላው ሁሉ ወደ ደም አይገባም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ምግብ ሲጻፍ የትኛው ምግብ ምን ንጥረ ነገር እንደያዘ ይዘረዘራል። ሰውነት ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ግን ይዘለላል። ይህ ክፍተት በተለይ ደም ማነስ ያለባቸውን ሰዎች ይጎዳል።

አይረንን፣ ማለትም ሰውነት ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን፣ እንውሰድ። በሥጋና በዓሣ ያለው አይረን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ግን አብዛኛው ሳይወሰድ ይወጣል። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውህድ አይረኑን አጥብቆ ይይዘዋልና። ጥራጥሬውን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ወይም ማብቀል ፋይቴቱን ይቀንሰዋል። ከዚህ ይበልጥ የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 70 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፤ ጥቅሙ የሚገኘው ግን ከምግቡ ጋር አብሮ ሲበላ ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ሲሆን አይረዳም። ቲማቲምና ቃሪያም ያግዛሉ፣ ብዙ ካልበሰሉ፤ ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይችልም፣ በመቀቀያው ውሃም ሟሙቶ ይወጣል።

ሻይና ቡና ደግሞ የተገኘውን መልሰው ይቀንሳሉ። ቢያንስ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆዩ። የካልሲየም እንክብልም ከአይረን እንክብል ጋር በአንድ ጊዜ አይዋጥም።

ካሮት ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግም አይረሳ፤ በካሮት ውስጥ ያለውና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ድካምና የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ሳይመረመር አይረን አይጀምር። ደም ማነስ በቫይታሚን ቢ12 ወይም በፎሌት (ሌላ የቢ ቫይታሚን) እጥረትም ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን ደም ማነስ አይረን አያድነውም። እንክብሉም ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፣ በብዛት ከዋጡት ለሞት ሊያደርስ ይችላል።