የላፕቶፕ እንቅልፍ በርክክብ ጊዜ ይፈተሽልን

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

መኖሪያዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ላፕቶፔን በቦርሳ ይዤ በየቀኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስለምወርድና ስለምወጣ፣ ክዳኑ ተከድኖ «ተኝቷል» የተባለ ኮምፒዩተር የምር መተኛት አለመተኛቱ ያሳስበኛል። መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፕ ለመግዛት ጨረታ ሲያወጡ የራሙንና የዲስኩን መጠን አንድ በአንድ እየዘረዘሩ፣ ይህን ጉዳይ ግን ጨርሶ ሲያነሡት አላየሁም።

ባለፈው ሰኔ፣ በበጀት መዝጊያው ሰሞን፣ አንድ ዓርብ ማታ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን ከግማሽ ሳላሳልፍ ሰዓት ስለደረሰብኝ፣ ሴቭ ሳላደርግ ክዳኑን ከድኜ ወደ ደሴ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሳንጨርስ ቦርሳው ጭኔ ላይ ይሞቀኝ ጀመር፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት እጃቸውን ቢነካቸው «ልጄ፣ ትኩስ ምግብ ነው እንዴ የያዝከው?» አሉኝ። እኔም ከተሳፋሪው ጋር ሣቅሁ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ባትሪው ሙጥጥ ብሎ አልቋል። ቻርጀር ሰክቼ ሳስነሳው ኤክሴል በራሱ ያስቀመጠው ቅጂ ቢተርፍልኝም፣ ማስታረቂያውን የጀመርሁበት የሒሳብ ፕሮግራም ግን አንዲት መስመር እንኳ አላስቀረልኝም።

ነገሩን ሳጣራ ምክንያቱ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው የእንቅልፉ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው የኮምፒዩተር ኃይል አጠቃቀም ደንብ «ኤስ ስሪ» ብሎ በሚጠራው እንቅልፍ፣ ፕሮሰሰሩ ጠፍቶ የተከፈተው ሥራ የሚቆይበት ራም ብቻ ጥቂት ኃይል ያገኛል። በርካታ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ግን «ሞደርን ስታንድባይ» የሚሉትን ተክተውበታል፤ ይህ ከእጅ ስልክ የተወረሰ አሠራር ነው፤ ማሽኑ እያንቀላፋም ቢሆን በየመሐሉ እየባነነ ኔትወርክ ሊያይ፣ መልእክት ሊቀበል ይችላል። ሁሉም ነገር በደንብ ከሠራ ባትሪውን ብዙም አይጎዳም፤ አንድ ድራይቨር (የማሽኑን አንድ ክፍል የሚያሠራ ፕሮግራም) አልተኛም ካለ ግን በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እየጋለ ያድራል። ስልክ የሚመስል ላፕቶፕ ማን እንደጠየቃቸው አላውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የባሰ አናደደኝ። ባትሪ ሲመናመን ሥራውን ወደ ዲስክ ጽፎ ኮምፒዩተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው ሃይበርኔት፣ ለእንዲህ ያለው ቀን የተሠራ መዳኛ ነበር። ዊንዶውስ የጫነልኝ ባለሙያ ግን አጥፍቶታል። ሄጄ ስጠይቀው «አብሽር፣ ዲስኩ እንዳይሞላብህ ብዬ ነው» አለኝ። ያተረፈልኝ ቦታ ምን ያህል ነው? ፋይሉ እንደነበረ ሲተው አብዛኛውን ጊዜ የራሙን 40 በመቶ ያህል ስለሚይዝ፣ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽኔ ከ3 ጊጋባይት ጥቂት ከፍ ይላል። አንድ ሁለት ፊልም ማለት ነው።

የእኅቴ ልጅ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው፤ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጭኗል። በሊኑክስ በኩል ችግሩ ሌላ መልክ አለው፦ የብዙ ላፕቶፖች ፈርምዌር (ከማሽኑ ጋር ተሠርቶ የሚመጣው መሠረታዊ ፕሮግራም) የሚፈተሸው በዋናነት በዊንዶውስ ስለሆነ፣ ከእንቅልፍ ሲነሣ ስክሪኑ ጨልሞ የሚቀር ወይም ዋይፋዩ የሚጠፋበት ማሽን አይታጣም። ሃይበርኔት ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ጀምሮ የተከፈተ አይደለም፤ ስዋፕ የሚባል በቂ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፣ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሣ የሚጠብቀው ሴኪዩር ቡት ከተከፈተም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሊከለክለው ይችላል። ልጁም አንድ ጊዜ ዊንዶውሱን ሃይበርኔት አድርጎ ወደ ኡቡንቱ ቢሻገር ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል ማንበብ ቢችልም እዚያ ላይ መጻፍ ተከለከለ። ክልከላው ትክክል ነው፤ በግድ ቢጽፍበት ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችሉ ነበር።

ሳልወድ በግድ የማመሰግነው ማክን ነው። የአፕል ላፕቶፖች ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲተኙ ራሙን በኃይል እያቆዩ የያዘውን ወደ ዲስክም ስለሚገለብጡ፣ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ሥራው ካለበት ይነሣል። ዋጋው ግን ለእኛ ቢጤ አይደለም፤ እናም ያለንን ዊንዶውስ ማስተካከል ይሻላል። በኮንትሮል ፓነል የፓወር ምርጫዎች ውስጥ «ክዳኑ ሲዘጋ» ከሚለው አንጻር በስሊፕ (በእንቅልፍ) ፋንታ ሃይበርኔት መምረጥ ይበቃል። ማሽኑ ሲነሣ ትንሽ ይዘገያል፤ እኔ ግን ከሰኔ ወዲህ በዚሁ እየሠራሁ ቦርሳዬ ሞቆ አያውቅም። ምርጫው ከሌለ ባለሙያው አጥፍቶታል ማለት ሊሆን ስለሚችል እንዲመልስ ይጠየቅ።

ለግዥና ለንብረት ክፍሎች የማቀርበው ሐሳብ በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፦ ላፕቶፑ ሃይበርኔት በርቶ ይረከባል። በርክክቡ ቀንም ኮሚቴው ከቀረቡት ማሽኖች ሁለት ሦስቱን መርጦ፣ አንድ ሰነድ ከፍቶ ጥቂት ከጻፈበት በኋላ ሴቭ ሳያደርግ ክዳናቸውን ይክደን፤ ቻርጀራቸውን ነቅሎ መጋዘን ያሳድራቸውና በማግሥቱ ከፍቶ የጻፈው መኖሩን አይቶ ይፈርም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከደሴ